ሁለት ስህተቶች ሲስማሙ፦ የቀለጠ ቅይጥ እፍጋትና የገጽ ውጥረት አለካክ

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «በክብደት 90 በመቶ አልሙኒየምና 10 በመቶ መዳብ የያዘ ቅይጥ አቅልጠን ዕቃ እናወጣለን። የብረቱን አፈሳሰስና አረጋግ በኮምፒውተር ለማስመሰል በ720 ዲግሪ ሴልሽየስ ያለውን እፍጋት (አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትሩ የሚመዝነውን) እና የገጽ ውጥረት (የፈሳሹን ገጽ አጥብቆ የሚስበውን ኃይል) ማስገባት አለብን። የሁለቱን ቀላጭ ብረቶች እፍጋት በድርሻቸው አባዝተን ስንደምር 2.92 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሆነ። የቀዘቀዘውን ቅይጥ በውኃ ውስጥ ስንመዝነው ደግሞ 2.88 አገኘን፤ ስለዚህ 2.9 ብለን ልንመዘግብ ነው። ለገጽ ውጥረቱ 0.1 ግራም የሚመዝን ጠብታ በሴራሚክ ሰሌዳ ላይ አቅልጠን በአርገን ጋዝ ውስጥ ፎቶ አነሣን። በመጀመሪያው ቀን 0.84፣ በማግሥቱ 0.93 ኒውተን በሜትር ሰጠን። ከሠንጠረዥ ያሰላነው አማካይ 0.91 ስለሆነ ሁለተኛውን ብንቀበል ትክክል ነን?»

ትክክል አይደላችሁም። ከቀረቡት ቁጥሮች መካከል ወደ ፕሮግራሙ መግባት የሚገባው አንድም የለም። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የቁጥሮቹ መሳሳት ሳይሆን መስማማታቸው ነው። 2.92 ከተሳሳተ ስሌት የመጣ ነው፤ 2.88 ደግሞ በደንብ የተለካ፣ ነገር ግን የሌላ ነገር ልኬት ነው። ሁለቱ የተቀራረቡት በአጋጣሚ ሲሆን እናንተ ግን እንደ ሁለት ምስክር ቃል ተቀብላችኋቸዋል። የገጽ ውጥረቱም ነገር ከዚህ አይለይም፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ስህተት ሾልኮ ሁለተኛው ውስጥ ገብቷል።

ከስሌቱ ልጀምር። ድርሻው በክብደት ሲሰጥ የሚደመረው ይዘት (የሚይዘው ቦታ) እንጂ እፍጋት አይደለም። 100 ግራም ቅይጥ ውሰዱ። በውስጡ ያለው 90 ግራም አልሙኒየም በ720 ዲግሪ እፍጋቱ 2.36 ገደማ ስለሆነ 38.1 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ቦታ ይይዛል። የቀረው 10 ግራም መዳብ የሚይዘው 1.2 ያህል ብቻ ነው። ድምሩ 39.3 ነው፤ 100 ለ39.3 ሲካፈል 2.54 ይሆናል። በእናንተ ስሌትና በዚህ መካከል ያለው ልዩነት 15 በመቶ ነው፤ ይህን የሚያህል ክፍተት በምንም ዓይነት የመለኪያ ጥራት አይካካስም። በርግጥ 2.54ም መነሻ ግምት ነው። አልሙኒየምና መዳብ ሲቀላቀሉ አቶሞቻቸው እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ የቅይጡ ይዘት ከተናጠል ይዘቶቹ ድምር ጥቂት ያንሳል። ስለዚህ ልኬቱ ከ2.54 ትንሽ ከፍ ብሎ ቢገኝ አይገርመኝም፤ 2.7 ከሆነ ግን መሣሪያውን እጠረጥራለሁ።

ወደ 2.88 ስንመጣ፣ ይህ ቁጥር ለቀዘቀዘው ቅይጥ ምክንያታዊ ነው፤ እንዲያውም በውስጡ ጥቂት ክፍተት እንደቀረ ይጠቁማል። ለቀለጠው ግን አይሆንም። ንጹሕ አልሙኒየምን እንውሰድ፦ በክፍል ሙቀት 2.70 የነበረው እየሞቀ ሲሄድ እየተስፋፋ፣ ወደ ማቅለጫ ነጥቡ ወደ 660 ዲግሪ ሲቃረብ ገና ጠጣር እንዳለ 2.55 ገደማ ይደርሳል፤ ሲቀልጥ ደግሞ በአንድ ጊዜ ወደ 2.38 ይወርዳል። ጋሊየምና ቢስመዝ በተቃራኒው ሲቀልጡ የሚኮማተሩ ጥቂት ልዩ ብረቶች ናቸው፤ አልሙኒየም ከእነርሱ አይቆጠርም። የኮምፒውተር ፕሮግራሙ ዕቃው ሲረጋ ምን ያህል እንደሚኮማተርና ምን ያህል ተጨማሪ ቀላጭ ብረት እንደሚፈልግ የሚያሰላው ከዚሁ ልዩነት ነው። የቀለጠውን 2.9 ብላችሁ ብታስገቡለት ዕቃው አይኮማተርም፣ መጋቢም (ተጨማሪ ቀላጭ ብረት የሚያቀብለው ክፍል) አያስፈልገውም ብሎ ይመልስላችኋል። ከቅርጽ ማውጫው የሚወጣው ዕቃ ግን መሃሉ ተቦርቡሮ ይገኛል።

እፍጋቱን ለመለካት እንደ እናንተ ላለ ማቅለጫ ክፍል የምመክረው የአርኪሜዲስን ዘዴ ነው፤ ሆኖም በአንድ ጠላቂ ሳይሆን በሁለት። አሠራሩ ቀላል ነው። ይዘቱ የታወቀ ከባድ ነገር በሽቦ ተንጠልጥሎ በቀለጠው ብረት ውስጥ ይጠልቃል፤ ከላይ ያለው ሚዛን የቀነሰውን ክብደት ያነባል፤ የቀነሰው ክብደት ለጠላቂው ይዘት ሲካፈል እፍጋቱ ይገኛል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሽቦውን ነው። ሽቦው የቀለጠውን ገጽ በሚሰነጥቅበት ቦታ የገጽ ውጥረቱ ራሱ ሽቦውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይገፋል። ለ0.5 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይህ ኃይል በአልሙኒየም ውስጥ እስከ 0.14 ግራም ክብደት ይደርሳል። 5 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠላቂ የሚያጣው ክብደት 13 ግራም ገደማ ስለሆነ ስህተቱ ከ1 በመቶ ያልፋል። ብረቱ ሽቦውን የማያርሰው ከሆነ እፍጋቱ ከእውነቱ በላይ፣ የሚያርሰው ከሆነ ከእውነቱ በታች ይነበባል። የሚያበሳጨው ደግሞ ሽቦው መጀመሪያ ሳይርስ ቆይቶ በልኬቱ መካከል ሊርስ መቻሉ ነው፤ ያኔ ሚዛኑ ያለ ምክንያት የተንቀሳቀሰ ይመስላል።

መፍትሔው ይህን ኃይል ለማስላት መድከም ሳይሆን እንዲጣፋ ማድረግ ነው። ይዘታቸው 2 እና 10 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ጠላቂዎችን በአንድ ዓይነት ሽቦ፣ በእኩል ጥልቀት አጥልቁ፤ አንዱን ንባብ ከሌላው ቀንሱ። የሽቦው ኃይል በሁለቱም ውስጥ እኩል ስላለ ሲቀናነስ ይጠፋል፤ የሚቀረው የ8 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ንጹሕ ልዩነት ሲሆን እርሱም ከ20 ግራም በላይ ነው። 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ካላችሁ ስህተቱን ከ1 በመቶ በታች ማውረድ አይከብድም። ጠላቂው ከተንግስተን ተሠርቶ በቦሮን ናይትራይድ ቢቀባ ጥሩ ነው፤ ግራፋይት አትጠቀሙ፤ አልሙኒየም ከካርቦን ጋር ተዋህዶ ካርባይድ ይፈጥራል። የጠላቂው ይዘት በሙቀት እንደሚጨምርም አትርሱ። ተንግስተን ከክፍል ሙቀት እስከ 700 ዲግሪ ድረስ በይዘት 0.9 በመቶ ያህል፣ አልሙና (የአልሙኒየም ኦክሳይድ ሴራሚክ) 1.7 በመቶ ያህል ይስፋፋሉ። ይህን እርማት የዘለለ ሰው የቀረውን ሁሉ በጥንቃቄ መሥራቱ ትርጉም የለውም።

ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። በቀለጠ አልሙኒየም ውስጥ የሟሟ ሃይድሮጅን በጠላቂው ላይ ጥቃቅን አረፋ ሆኖ ይለጠፋል፤ አረፋው ጠላቂውን ያነሣዋል፣ እፍጋቱም ከፍ ብሎ ይነበባል። ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት ጋዙን አስወጡ፤ ጠላቂውንም ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ አራግፉ። ሁለተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው፦ ማንኛውም ጠላቂ፣ ቱቦ ወይም ማማሰያ በደንብ ሳይሞቅና ሳይደርቅ ወደ ቀለጠ ብረት አይግባ። ከገጹ በታች የተያዘ ትንሽ እርጥበት በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ብረቱን ወደ ሰው ፊት ይረጨዋል።

አሁን ወደ ጠብታው ፎቶ። ጠብታ በሰሌዳ ላይ ሲቀመጥ ሁለት ኃይሎች ቅርጹን ይጓተቱበታል፤ የገጽ ውጥረት ሊያድበለብለው፣ ክብደቱ ሊያንጠፈጥፈው። ከቅርጹ የሚነበበውም የሁለቱ ጥምርታ ብቻ ነው፤ ማለትም የገጽ ውጥረቱ ለእፍጋቱ ተካፍሎ። ፎቶ ብቻውን የገጽ ውጥረትን አይሰጥም፤ እፍጋቱን እናንተ ማቀበል አለባችሁ። እናንተ ያቀበላችሁት ደግሞ 2.92ን ነው። ትክክለኛው 2.56 ነው ብለን ብንይዝ ሁለቱ ውጤቶቻችሁ ወደ 0.74 እና 0.82 ይወርዳሉ። 0.93 ከ0.91 ጋር የገጠመው ሌላ ስህተት ስለተሸከመ ነበር ማለት ነው።

ጠብታውም እጅግ ትንሽ ነው። ለቀለጠ አልሙኒየም ክብደትና የገጽ ውጥረት የሚመጣጠኑበት ርዝመት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የእናንተ 0.1 ግራም ጠብታ ሬዲየሱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ የገጽ ውጥረት ያለ ተቀናቃኝ አድበልብሎታል። ከሞላ ጎደል ሉል የሆነ ጠብታ ደግሞ ስለ ገጽ ውጥረቱ የሚናገረው ነገር የለውም፤ ውጥረቱ በእጥፍ ቢጨምርም ያው ሉል ነው። ኮምፒውተሩ ከእንዲህ ያለ ምስል ቁጥር ማውጣቱ አይቀርም፤ ቁጥሩ የሚመጣው ግን ከምስሉ ጠርዝ ብዥታ ነው። በሁለት ቀን የ10 በመቶ ልዩነት ያያችሁት በአብዛኛው ለዚህ ይመስለኛል። በዚህ ዘዴ መቀጠል ካለባችሁ ጠብታውን ከ2 እስከ 3 ግራም አድርጉት፤ ሰሌዳውን በውኃ ልክ አስተካክሉ፤ ከአንድ በላይ አቅጣጫም ፎቶ አንሡ።

ስለ ምስሉ መለኪያ አንድ ነገር ላክል፤ ብዙ ጊዜ የማይነገር ግን የሚጠቅም ነው። የምስሉ ሚዛን በርዝመት 1 በመቶ ቢሳሳትና እፍጋቱን ከሌላ ዘዴ ወስዳችሁ ከሆነ የገጽ ውጥረቱ 2 በመቶ ይሳሳታል። እፍጋቱን ከዚያው ምስል፣ ጠብታውን መዝናችሁና ይዘቱን አስልታችሁ ካወጣችሁት ግን እፍጋቱ 3 በመቶ ሲሳሳት የገጽ ውጥረቱ የሚሳሳተው 1 በመቶ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ስህተቶች በተቃራኒ ስለሚሄዱ በከፊል ይጣፋሉ። እንግዲህ ከአንድ ፎቶ የተሻለ የገጽ ውጥረትና የከፋ እፍጋት ይገኛል። ለእፍጋት ሲባል ጠብታ ፎቶ ማንሣትን የማልመክረው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን የገጹ ንጽሕና ነው። እፍጋት የአካሉ ጠባይ ነው፤ አንድ ሺህኛ ቆሻሻ ቢገባበት የሚለወጠው ያንኑ ያህል ትንሽ ነው። የገጽ ውጥረት ግን የላይኛዎቹ ጥቂት የአቶም ረድፎች ጉዳይ ስለሆነ እጅግ ጥቂት ባዕድ ነገር ሙሉ በሙሉ ይለውጠዋል። የንጹሕ አልሙኒየም የገጽ ውጥረት በማቅለጫ ነጥቡ አካባቢ 1.05 ያህል ሲሆን ኦክስጅን የነካው ወደ 0.86 ይወርዳል። በአብዛኛው ሠንጠረዥ ላይ የሚገኘው 0.86 ስለሆነ ብዙ ሰው የንጹሑ ይመስለዋል። አርገን ውስጥ ነበርን ማለትም ብዙ አይረዳም። 99.999 በመቶ ንጹሕ የሚባል አርገን እንኳ ከሚሊዮን እጅ እስከ 10 እጅ ባዕድ ጋዝ ይይዛል፤ አልሙኒየም በ720 ዲግሪ ኦክሳይድ እንዳያበጅ ግን በዙሪያው የሚኖረው የኦክስጅን ግፊት ከ10⁻⁴⁰ ከባቢ አየር እጅግ ያነሰ መሆን አለበት። የትኛውም የጋዝ ጠርሙስ ይህን አይሰጥም። ጋዙን በጋለ ቲታኒየም ላይ ማሳለፍ ኦክሳይዱ የሚወፍርበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ጨርሶ አያስቀረውም። የኦክሳይዱ ቆዳ ሲወፍር ደግሞ ጠብታው እንደ ፈሳሽ መሆኑ ያበቃል፤ የምትለኩት በከረጢት ውስጥ ያለ ብረት ቅርጽ ይሆናል።

የሠንጠረዥ አማካይን በተመለከተ፣ ለእፍጋት በይዘት መደመር ጥሩ ግምት ቢሆንም ለገጽ ውጥረት ድርሻን አባዝቶ መደመር መሠረት የለውም። ቅይጥ ውስጥ የገጽ ውጥረቱ ዝቅ ያለው ንጥረ ነገር ወደ ገጹ ወጥቶ ይሰፍራል፤ ገጹና ሆዱ የተለያየ ቅንብር ይኖራቸዋል። ኬሚስቱ በትለር በ1932 ያቀረበው እኩልታ የሚያሰላው ይህንኑ ነው። በእናንተ ቅይጥ የመዳብ ውጥረት 1.3 ያህል ስለሆነ መዳቡ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ገጹን አልሙኒየም ይይዘዋል፤ ስለዚህ 10 በመቶ መዳብ ቁጥሩን ብዙም አያነሣውም። በተቃራኒው ጥቂት ቢስመዝ ወይም እርሳስ ቢገባ ቁጥሩ ከድርሻቸው በላይ ይወርዳል። ብረት በተባለው ንጥረ ነገር (አይረን) ውስጥ ያለ ድኝ ከዚህ ሁሉ የታወቀው ምሳሌ ነው። ንጹሕ ቀላጭ አይረን 1.9 ገደማ ሲሆን የአንድ በመቶ ጥቂት መቶኛ ብቻ ድኝ ሲገባበት ከአንድ አምስተኛ በላይ ሊቀንስ ይችላል፤ ከሙቀት ጋር ያለው ግንኙነትም ይገለበጣል። በየጆች በዝርዝር ቅንብር አንድ የሆኑ ሁለት የማይዝግ ብረቶችን በአንድ ዓይነት ኤሌክትሪክ ሲበይዱ አንዱ ጠልቆ፣ ሌላው ሰፍቶ የሚቀልጠው ብዙ ጊዜ በዚህ የድኝ ልዩነት ምክንያት ነው።

ታዲያ በምን እንለካ? ለእናንተ የሚሆነው የከፍተኛ አረፋ ግፊት ዘዴ ነው። ከአልሙና የተሠራ ጫፉ የሾለ ቱቦ ወደ ቀለጠው ብረት ገብቶ በውስጡ አርገን ቀስ ብሎ ይገፋል፤ አረፋው ከመላቀቁ በፊት የደረሰበት ከፍተኛ ግፊት ይነበባል። ግፊቱ የሁለት ነገሮች ድምር ነው፤ ከላይ ያለው የብረት ዓምድ ክብደትና የአረፋው ገጽ ውጥረት። ለ1 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ የውጥረቱ ድርሻ 1700 ፓስካል ያህል፣ ለ20 ሚሊ ሜትር ጥልቀት የዓምዱ ድርሻ 500 ፓስካል ያህል ነው። ትልቁ ጥቅሙ እያንዳንዱ አረፋ አዲስ ገጽ ይዞ መወለዱ ነው፤ የትናንቱ ቆዳ ዛሬ አይከተላችሁም። ቀጥሎ ያለው ጥቅም ጥልቀቱን ስትቀያይሩ ግፊቱ ከጥልቀት ጋር የሚጨምርበት መጠን እፍጋቱን መስጠቱ ነው፤ ስለዚህ የጠላቂዎቹን ልኬት የሚያመሳክር ሌላ ምስክር በነጻ ታገኛላችሁ። ይህኛው በእርግጥም ከመጀመሪያው ጋር ያልተመካከረ ምስክር ነው።

የቱቦው ሬዲየስ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የቀለጠ አልሙኒየም አልሙናን በዚህ ሙቀት ስለማያርስ አረፋው ከውስጠኛው ሳይሆን ከውጭኛው ጠርዝ ላይ ይቆማል። ውስጠኛውን ዲያሜትር ያስገባ ሰው ሁለቱ ጠርዞች የሚለያዩትን ያህል ይሳሳታል፤ ጫፉን አሹሉት ያልኩትም ለዚህ ነው። አረፋውም ፍጹም ሉል አይደለም። ለዚህ የሚሆነውን እርማት በ1915 ያወጣው ኋላ በኳንተም እኩልታው የታወቀው ሽሮዲንገር ነው፤ በእናንተ መጠን ከ1 በመቶ ትንሽ ያነሰ ስለሆነ አትዝለሉት። አረፋውን አታቻኩሉ፤ ለአንዱ አሥር ሴኮንድና ከዚያ በላይ ስጡት። አረፋው ቶሎ ቶሎ ሲወጣ ጋዙ በቱቦው ውስጥ ለማለፍ የሚፈልገው ግፊት ንባቡ ላይ ይጨመራል።

ይህ ዘዴ 1.05ን እንደማያሳያችሁ ከወዲሁ እወቁት። አዲሱ ገጽም ቢሆን ከአርገኑ ኦክስጅን ወዲያው ስለሚቀበል በአልሙኒየም ላይ የሚገኘው 0.86 አካባቢ ነው። የንጹሑን ገጽ ቁጥር የሚፈልግ ከፍተኛ ቫክዩምና ከፍተኛ ሙቀት፣ ወይም ዕቃ ሳይነካው በአየር ላይ የተንሳፈፈ ጠብታ ያስፈልገዋል። ተንሳፋፊው ጠብታ ሲነካካ ይርገበገባል፤ ከርግብግቢቱ ድግግሞሽ ውጥረቱን ማስላት እንደሚቻል የፊዚክስ ሊቁ ሬይሊ በ1879 አሳይቷል። ለምሳሌ 1 ግራም የቀለጠ አይረን በሴኮንድ 40 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። እዚህ ላይ እፍጋት አያስፈልግም፤ የጠብታው ክብደት ብቻ ይበቃል። ምድር ላይ የሚያንሳፍፈው መግነጢሳዊ ኃይል ቅርጹን ስለሚያዛባው አንዱ ድግግሞሽ እስከ አምስት ይከፋፈላል፤ ለዚህም በ1991 የወጣ የከሚንግስና የብላክበርን እርማት አለ። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ክብደት በሌለበት ሁኔታ ይህን የሚሠራ እቶን አለ። ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ለእናንተ ሥራ ግን አያስፈልግም። በቅርጽ ማውጫው ውስጥ የሚፈሰው ብረት ቆዳውን ለብሶ ስለሚፈስ ለእናንተ ንጹሑ 1.05 እውነት ቢሆንም የተሳሳተ ቁጥር ነው።

ምን ያህል ትክክለኛነት እንደሚበቃም እናስላ። ብረቱ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክፍተት ውስጥ እንዲገባ የገጽ ውጥረቱን ለማሸነፍ 1700 ፓስካል ያህል፣ ማለትም 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የብረት ዓምድ ይፈልጋል። ውጥረቱን በ10 በመቶ ብትሳሳቱ ዓምዱ በ7 ሚሊ ሜትር ይለወጣል። ለ5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ግን ጠቅላላው 1.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቃችሁ ወፍራም ግድግዳ ያለው ከሆነ በገጽ ውጥረቱ ላይ ጊዜ አታጥፉ፤ ጊዜያችሁን ለእፍጋቱ ስጡት።

ውሳኔዬ ይህ ነው። ዛሬውኑ 2.9ን ሰርዛችሁ ጊዜያዊ ቁጥር አድርጋችሁ 2.56ን እና 0.86ን አስገቡ። ቀጥሎ ሁለቱን ጠላቂዎችና የአረፋውን ቱቦ አዘጋጁ፤ ወደ ቅይጡ ከመሄዳችሁ በፊት መጀመሪያ ንጹሕ ቲን፣ ከዚያ ንጹሕ አልሙኒየም ለኩ። ቲን በ232 ዲግሪ ማቅለጫው አካባቢ 6.98 እና 0.55 ያህል ካልሰጣችሁ ወደ አልሙኒየም አትለፉ። አልሙኒየምም ልክ እንደቀለጠ 2.38 እና 0.86 አካባቢ ካልሰጠ ወደ ቅይጡ አትሂዱ። በየውጤቱ አጠገብ ሙቀቱን፣ የጋዙን ንጽሕናና ብረቱ ቀልጦ የቆየበትን ጊዜ ጻፉ። የጠላቂዎቹ እፍጋትና የአረፋው እፍጋት ከ1 በመቶ በላይ ከተለያዩ ሁለቱን አማካይ አድርጋችሁ እንዳትገላገሉ፤ መጀመሪያ የቱቦውን የጥልቀት መለኪያ ፈትሹ፤ ቱቦው ሲገባ የብረቱ ገጽ ከፍ ማለቱን ያልቆጠረ ሰው ዜሮውን ስቶ ነው የሚጀምረው።